ዝናብ የሚገባበት ቤት

እሷ፦ የጃፓንን ባህላዊ ቤት ከዘመናዊ ኑሮ ጋር ማዋሃድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በወረቀት የተለበጠ ተንሸራታች በርና የሣር ምንጣፍ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የማስበልጠው አርክቴክቱ ታዳዎ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1976 ኦሳካ፣ ሱሚዮሺ ሰፈር የሠራውን ቤት ነው።

እሱ፦ ያ እኮ ድፍን ግራጫ ኮንክሪት ነው! በመንገዱ በኩል ከመግቢያው በቀር መስኮት እንኳ የለውም። ጃፓናዊነቱ ምኑ ላይ ነው?

እሷ፦ ውስጡን እየው። ቦታው ተጣብቀው ከተሠሩ የእንጨት ቤቶች የመካከለኛው ነበር። ወርዱ ከ4 ሜትር ያንሳል፤ ወደ ውስጥ ግን 14 ሜትር ያህል ይዘልቃል። አንዶ ርዝመቱን ሦስት ቦታ ከፍሎ መሃሉን ጣሪያ አልባ አደረገው። በኪዮቶ የቆዩት የነጋዴ ቤቶችም ብርሃንና አየር የሚያገኙት እንዲህ ካለች ትንሽ ግቢ ነው።

እሱ፦ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን በሌሊት ዝናብ ከመኝታ ቤት ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ጃንጥላ ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ? አዛውንት ቢኖሩበትስ?

እሷ፦ ለአዛውንት አልመክረውም። ነገር ግን የወቅቱን መለዋወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ ማጣጣም የአሮጌው ቤት ትልቁ ጸጋ ነበር፤ አንዶ ያተረፈው እሱን ነው። የጃፓን የሥነ ሕንፃ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1979 ሸልሞታል።

እሱ፦ የድሮዎቹ ቤቶች እኮ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የእንጨት በረንዳ ነበራቸው፤ ሳይበሰብሱ ዝናቡን እያዩ የሚቀመጡበት። እሱን መተዉ ይቆጨኛል።

እሷ፦ እኔንም ይቆጨኛል። በዚያ ጠባብ ወርድ ላይ ክፈፍ ቢጨመር ግን ለግቢዋ ምን ያህል ሰማይ ይተርፋታል?