ስለ በረባሶ

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ባህላችን አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ሲያዘን፣ እኛ የማኅበሩ ታክሲ ነጂዎች ተመካክረን የመረጥነው ስለ ጥልፍ ወይም ስለ መሶብ ለመናገር አይደለም። ስለ ጎማ ጫማ፣ ስለ በረባሶ ነው። የሳቃችሁትን ሰምተናል፤ አልተቀየምንም።

ሐሳቡ የመጣልን እዚሁ ዴንቨር ነው። በላሪመርና በ19ኛው ጎዳና ማእዘን ላይ ሳኩራ አደባባይ የሚባል የጃፓኖች ቦታ እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚያ ለብዙ ዓመታት ሲከበር በኖረው የቼሪ አበባ በዓል ቀን ተሳፋሪ አድርሰን ሌላ ስንጠብቅ፣ የባህል ልብስ የለበሱ ሰዎች የእንጨት ጫማ አድርገው አስፋልቱን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ሲያልፉ አይተናል። ጫማው «ጌታ» ይባላል። ጌታ ከእግር ሥር ሲውል ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠጋ ብለን ስንጠይቅና በኋላም ስናነብ የተረዳነው፣ ጌታ ቀላል የሚመስል ግን በብዙ የታሰበበት ሥራ መሆኑን ነው። አንድ ገበታ፣ ከሥሩ ሁለት ጥርስ፣ ከላይ በሦስት ቀዳዳ የሚያልፍ ማሰሪያ፤ በቃ። ጥርሱ እግርንና የልብስን ጠርዝ ከጭቃ ያርቃል። ጥሩው የሚሠራው ኪሪ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ነው። በቀድሞው አሠራር ቀኝና ግራ ስለሌለው እያቀያየሩ ሲያደርጉት እኩል ያልቃል፤ ማሰሪያው ቢበጠስ ማሰሪያው ይለወጣል እንጂ ጫማው አይጣልም። ይህ ሁሉ የጭቃ መንገድ የወለደው ጥበብ ነው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ የዘወትር ጫማ መሆኑ ቢቀርም፣ ሂታን በመሰሉ ከተሞች አሁንም ይሠራል፤ በበዓልም ቀን በኩራት ይደረጋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በረባሶ የሚሠራው ካለቀ የጭነት መኪና ጎማ ነው። የኤንትሬ ጎማ በስንት ዳገትና ቁልቁለት ተንከባሎ፣ ጥርሱ አልቆ፣ ከመኪናው ከወረደ በኋላ ሁለተኛ ሕይወቱን የሚጀምረው በጫማ ሠሪው እጅ ነው። ሠሪው እግርን ጎማው ላይ አስረግጦ በጠመኔ ይከባል፤ ቢላዋውን ውኃ እየነከረ ይቆርጣል፤ ደረቅ ቢላዋ ጎማ ላይ ይነክሳልና። ከዚያ ዋናው ሙያ ይመጣል፦ የጎማውን ድርብርብ መሰንጠቅ። ቢወፍር እግር ይከብዳል፤ ቢሳሳ እሾህ ያልፋል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። ማሰሪያው ከሳሳው የጎማ ክፍል ይወጣል፤ አንዳንዱ ሠሪ በሚስማር ይመታዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጠባብ ስንጥቅ ከፍቶ በጉጠት ስቦ ያስገባውና ጎማው ራሱ ጎማውን ነክሶ ይይዘዋል። የጎማው ጉብጠት ጣት በኩል ቀና ብሎ ይቀራል፤ የለባሹ ክብደት ነው በጥቂት ሳምንት የሚያስተካክለው።

በረባሶ ይመቻል ብለን አንዋሽም። ሲጀመር ያቆስላል፤ በፀሐይ ይግላል፤ ሽታውም አለ። ነገር ግን ወንዝ ተሻግሮ፣ ማሳ አርሶ፣ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ጫማ ነበር።

በኮሚቴው ውስጥ በባህል ማሳያው ጠረጴዛ ላይ በረባሶ ይቀመጥ ስንል «ድህነታችንን ለሰው እናሳያለን ወይ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩን አንንቀውም። ከመካከላችን እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ በበረባሶ የመጣ አለ፤ እዚያ ሲደርስ የሰው ጫማ ተበድሮ ነው የገባው። የዚያን ቀን ስሜት የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲያየው ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። እኛ የምንለው፣ ድህነቱ ሌላ፣ ሙያው ሌላ ነው። ይህንኑ ያየች ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ውስጥ ሶልሬብልስን አቋቁማ፣ ያንኑ የጎማ ሶል በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ ጋር አዋህዳ ለውጭ ገበያ አቅርባለች። ገዢው በዶላር ነው የከፈለው።

እዚህ አውሮራ ውስጥ ይህን ሙያ በእጃቸው የሚያውቁ አንድ አባታችን አሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለለመኑን አንጠራም። በአገራቸው ለዓመታት በረባሶ ቆርጠው ልጆች አሳድገዋል፤ እዚህ ከመጡ በኋላ የሠሩት አንድ ጥንድ ግን ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ሥር ነው ያለው፤ እንግዳ እንዳያየው። ዓይናቸው እየደከመ ነው። እኛም ቸኩለን ይህን ንግግር ያመጣነው ስለዚህ ነው።

ጎማ በኮሎራዶ አይቸግርም፤ ከዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ፣ ሀድሰን አጠገብ በሚሊዮን የሚቆጠር አሮጌ ጎማ ተከምሮ ኖሯል። ችግሩ ሌላ ነው። የድሮው የጭነት መኪና ጎማ በክር ድርብርብ የተሠራ ስለነበር በቢላዋ ይሰነጠቅ ነበር፤ የዛሬው መሬት የሚረግጠው ክፍል ውስጥ የብረት ሽቦ መረብ አለበት፤ ቢላዋ ይሰብራል፤ እጅም ይወጋል። ይሁን እንጂ እኛ የምንነዳቸው የትንንሽ መኪኖች ጎማ በጎኑ በኩል ሽቦ የለውም። አባታችን ጎኑን ቆርጠው፣ ሁለት ድርብ አድርገው ሞክረውታል። «እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ይሄዳል» ብለዋል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በሚመጣው ወር ሦስት ቅዳሜ የማኅበሩ አዳራሽ ይፈቀድልን። እሳቸው ለማስተማር ፈቅደዋል። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ከወላጅ ጋር ይምጡ፤ ቢላዋው ስለት ስለሆነ ከዚያ በታች አንቀበልም። ጎማውን እኛ ነጂዎች እናመጣለን። ወስፌና ጉጠት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በዴንቨር አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፤ በሐበሻ ቀጠሮ 3 ሰዓት የሚመጣ ሰው የሚያገኘው መጥረጊያውን ነው።