ሞተሩ ይዞራል፣ ካንዴላው ግን እሳት የለውም
(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለሌላው ሰው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በበበቃና በቴፒ ለሚኖረው ሕዝብ ግን ትንሽ አይደለም። መኪና በማይገባበት የቡና አገር ክትባቱን ከጤና ኬላ፣ የእርሻ ባለሙያውን ከገበሬው ማሳ፣ የታመመውንም ሰው ከዋናው መንገድ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት ነው። እርሱ ቆመ ማለት ሥራው ሁሉ ቆመ ማለት ነው።

ከብልሽቶች ሁሉ እኛን ባለሙያዎችን ወደ ስሕተት የሚመራን ሞተሪኖው እያዞረ፣ ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩ እየዞረ፣ ካንዴላው እሳት የሚነሣው ብልሽት ነው። ስለዚህ ብልሽት ከማስተማሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

አንድ የጤና ሠራተኛ በክረምት ሞተሩን እየገፋ ወደ እኔ መጣ። ካንዴላው እሳት አለመስጠቱን እንዳየሁ፣ ሌላ ሳልመረምር፣ ‹‹ሲዲአዩ ተቃጥሏል›› ብዬ ፈረድሁ። ሰውየው ተበድሮ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ዕቃው እስኪደርስም ዘጠኝ ቀን አለፈ። አዲሱ ተገጠመ፤ እሳት ግን አልመጣም። በመጨረሻ የቤንዚን ታንኩን ባነሣው፣ ከማጥፊያ ቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ልባሱ ተፍቆ የሻሲውን ብረት ነክቶ አገኘሁት። ጥቂት ፕላስተር ጠቀለልሁበትና ሞተሩ ተነሣ። ሰውየውም ሳይቆጣ፣ ‹‹ወንድሜ፣ ዘጠኝ ቀን በእግሬ ሄድሁ›› አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ እናስታውስ። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 አሳየ። በ1902 ደግሞ የቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ሠራ። ዛሬ በምንጠግናቸው በብዙዎቹ ሞተሮች፣ ሲዲአዩ ኃይልን ያጠራቅማል፤ ፒክ አፕ የሚባለው ትንሽ ጥቅል ሽቦ ምልክት ሲሰጠው በአንድ ጊዜ ወደ ኮይሉ ይለቅቃል፤ ኮይሉም ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። መንገዱ ይህ ነው፤ ምርመራውም ይህንኑ መንገድ መከተል አለበት።

በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባን ሲዲአዩ ኃይሉን ከወዴት እንደሚያገኝ ነው። በቮላኖው ማግኔት በቀጥታ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ቢሞትም እሳት ይኖራል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ማዞሩ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የደከመ ባትሪ ሞተሩን እያዞረ ለሲዲአዩ የሚበቃ ቮልት ሊያሳጣ ይችላልና። ስለዚህ መለኪያውን ባትሪው ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አዙሩ፤ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ አስቀድማችሁ ባትሪውንና የባትሪውን ማያያዣዎች ተጠራጠሩ።

ከዚያ ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር። የማስነሻ ቁልፉ፣ ማጥፊያው፣ ፊውዙና የጎን ማቆሚያው ማብሪያ ይታዩ። ካንዴላው ይፈታና ደኅንነቱ በታወቀ ሌላ ካንዴላ ይተካ፤ ክፍተቱም በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የካንዴላው ቆብ ይነቀል፤ ውስጡ ውኃ ወይም ዝገት ካለ ይጽዳ። በማግኔት በሚሠራው ሞተር የማጥፊያው ሽቦ ከሲዲአዩ ተነቅሎ ይሞከር፤ እሳት ከመጣ ጥፋቱ በማጥፊያው መሥመር ነው። እኔ ያልሠራሁት ይህንን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ መለኪያው እንሂድ። የኮይሉ አንደኛ ጥቅል ከጥቂት ኦም አይበልጥም፤ ሁለተኛው በሺህ ይቆጠራል፤ የፒክ አፑም ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ነው። ትክክለኛው ልክ ግን በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ሲዲአዩ በኦም መለኪያ ተመዝኖ አይፈረድበትም፤ ከአንድ ዓይነት ሞተር በተወሰደ ደኅና ሲዲአይ ተተክቶ ይፈተናል። ስለዚህም ተራው የመጨረሻው ነው።

ጥንቃቄም አይረሳ። እሳት ስንፈትሽ የካንዴላው ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በሚገባ ይነካካ፤ አለዚያ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ሲዲአዩን ወይም ኮይሉን ሊያበላሽ ይችላል። በእጅም አይያዝ። ከተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ስለሚወጣ ብልጭታው ከዚያ ይራቅ። በአየር ላይ የታየ ቀጭን ቢጫ እሳት በሲሊንደሩ ግፊት ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችልም እናስብ፤ የምንፈልገው ሰማያዊና ብርቱ የሆነውን ነው።

አገራችን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ነው። ጭቃውና እርጥበቱ ከሲዲአዩ ይልቅ በሽቦ ማያያዣዎችና በካንዴላ ቆብ ላይ ይበረታል። ጭቃን ለማጠብ በኃይል የሚረጨው ውኃም ወደ ማያያዣዎቹ ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ አገር በግምት የታዘዘ ዕቃ ዋጋው ብርም ቀንም ነው፤ ከፋዩም እኛ ሳንሆን ባለ ሞተሩ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በጋራዣችን ደኅንነቱ የታወቀ ካንዴላና ኮይል ለመፈተኛ እናስቀምጥ። ዕቃ ከማዘዛችን በፊትም የመረመርነውን በተራ ጽፈን ለባለቤቱ እናሳይ። ያልመረመርነውን ‹‹ተቃጥሏል›› ማለት ይቅርብን። ይህን ደንብ ተለማማጆቻችን ከእኛ ካዩ፣ አንድ ሰው በእኛ ጥፋት ዘጠኝ ቀን በእግሩ አይሄድም።