በቆዳዋ የምትጠጣው እንቁራሪት

በክረምት ዝናም ከጉና ተራራ እስከ ወገዳ መስክ ረግረጉ ሁሉ ሲሞላ ድምፅዋ ሌሊቱን የሚያነጋው እንቁራሪት፣ ፈጣሪ ከየብስም ከውሃም ርስት ያደላት ፍጥረት ናት። እንቁራሪት ውሃን በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጠዋለች እንጂ። እንዴት ቢሉ፣ አዲስ እንስራ ያስቡ፤ ውሃው በሸክላው አልፎ ውጩን ያወዛዋል። የእንቁራሪትም ቆዳ እንዲሁ ውሃና አየር ያሳልፋል፤ እርሷ ግን ወደ ውስጥም ታስገባለች። ታዲያ በማሳ ላይ የተረጨውን የተባይ መድኃኒት ጎርፍ አጥቦ ኩሬ ሲያወርደው፣ መርዙ ሳትቀምሰው ከደሟ ይደርሳል። ይህ እጅግ ያሳዝናል፤ በደጋችን ሣር ከሚኖሩት፣ ሊቃውንት ፕቲካዴና ከሚሉት ወገን፣ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙምና።