ንጉሥ እባብና የጭድ ተራ አይጥ



መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ጭድ ተራን አይስተውም። ስሙ ከንግዱ የተረፈ ነው። አዲስ አበባ ግድግዳዋን በእንጨትና በጭቃ ስታቆም የጤፍ ጭድ ለምርጊቱ ማያያዣ፣ ለጋማ ከብቱም መኖ ሆኖ በአህያ ጀርባ ወደ ገበያ ይገባ ነበር። ጭቃ ያለ ጭድ ሲደርቅ መሰንጠቁን ለመሐንዲሶች ማስረዳት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ጭድ በተከመረበት የረገፈ እህል አይጠፋም፤ እህሉን አይጥ፣ አይጡንም እባብ ይከተላል። ከክምሩ ሥር እባብ ብቅ ቢል ደግሞ ዱላ ይነሣል እንጂ ዓይነቱን የሚጠይቅ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለም?

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው። በሌላው ዓለም ጥያቄውን ጠይቀው እባብን በቤታቸው የሚያሳድጉና የሚያራቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በእነርሱም ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ የሰሜን አሜሪካው «ንጉሥ እባብ» ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ስም ሲሰማ በቅድሚያ ትዝ የሚለው በአክሱም ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር የነበረው፣ በመጨረሻም መርዝ በበላች ፍየል ተታሎ ሞተ የሚባልለት አርዌ ነው። የአሜሪካው ግን ንጉሥ የተባለው ሌሎች እባቦችን፣ መርዛሞቹን ጭምር ስለሚበላ ነው። እርሱ ራሱ መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ተጠምጥሞ በማነቅ ሲሆን፣ በአገሩ የሚገኙት እፉኝቶች ቢነድፉትም መርዛቸውን ይቋቋማል።

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1766 መዝግቦት ነበር፤ በ1843 ደግሞ ፊትዚንገር «ላምፕሮፔልቲስ» የሚለውን የወገን ስም አወጣ፤ ትርጉሙም በግሪክኛ የሚያበራ ጋሻ ማለት ነው፤ ቅርፊቱን ያየ ስያሜውን ይቀበላል። ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠር የነበረውን ተራውን ንጉሥ እባብ፣ ተመራማሪዎች በ2009 የዘር ውርሱን መርምረው በአምስት ዝርያ ከፈሉት። ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። አርቢው ወንድና ሴቱን ሲያገናኝ የሚመራው በስማቸው ነውና፣ ስሙ የተሳሳተ እንደሆነ ዘሩ ይደባለቃል፤ የተደባለቀውን ዘር ደግሞ እንደገና ማጥራት ከቶ የማይቻል ያህል ነው።

የማሳደጉ ሥራ በአብዛኛው የምሕንድስና ሥራ ነው። እባብ የገላውን ሙቀት ከውጭ ስለሚያገኝ ሣጥኑ በአንድ ወገን እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ፣ በሌላው ወገን ቀዝቀዝ የሚል መሆን አለበት፤ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚስማማውን ይመርጣል። ክዳኑ በጥብቅ ካልተዘጋ፣ ጭንቅላቱ የሾለከበት ቀዳዳ ሁሉ አካሉንም ያሾልካል። ለማራባት ሲታሰብ እንስሳው በብርድ ወራት ምግብ ሳይሰጠው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይቆያል፤ ይህ ዕረፍት ለመራባት ያዘጋጀዋል። ሴቲቱ የምትጥለው እንቁላል በእርጥብ ነገር ውስጥ ተቀብሮ በ28 ዲግሪ ገደማ ሲቀመጥ በሁለት ወር አካባቢ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ወዲያውኑ ለየብቻ ሣጥን ይሰጣቸዋል፤ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር በአንድ ቤት ካደረ አንዱ ሌላውን ይበላልና!

እንግዲህ እባብን የሚበላ፣ አይጥንም የሚያጠፋ፣ መርዝም የሌለው ከሆነ ወደ ጭድ ክምሮቻችን ቢመጣስ? መልሱ በስፔን ግዛት በግራን ካናሪያ ደሴት ታይቷል። ለቤት እንስሳነት የገባው የካሊፎርኒያው ንጉሥ እባብ አምልጦ ከ1998 ጀምሮ በዱር ይታይ ጀመር። በደሴቲቱ የተፈጥሮ እባብ ስላልነበረ እንሽላሊቶቿ ጠላታቸውን አላወቁትም፤ ባለበት ስፍራ ሁሉ የደሴቲቱ ብርቅ የሆነው ግዙፍ እንሽላሊት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እባቡን ለማጥፋት በተከታታይ ዘመቻ ቢደረግም እስከ ዛሬ አልተነቀለም። ጥፋቱ የተጀመረው ባልተዘጋ ክዳን ይሁን ሆን ብሎ በለቀቀ እጅ፣ ውጤቱ ያው ነው።

አማርኛም የራሱ አመዳደብ አለው፤ እባብ፣ ዘንዶ፣ እፉኝት። እፉኝት የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወለዳል የሚለው የቆየ አባባል ስለ እናቲቱ ሞት ቢሳሳትም፣ ብዙዎቹ የእፉኝት ወገኖች እንቁላል ሳይጥሉ የሚወልዱ መሆናቸውን አስተውሏል። ሆኖም ያልተመዘገበ ብዙ ነበር። በመቱና በበደሌ መካከል፣ በዶኪ ወንዝ ድልድይ የተገኘ አንድ እፉኝት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦሜ ተመርምሮ ለዓለም አዲስ ዝርያ ሆነ። በዚያ መንገድ የተጓዘ የድልድይ ባለሙያ ስንት ጊዜ አልፎት ይሆን? የአገሪቱን እንቁራሪቶችና ተሳቢ እንስሳት በአንድነት የመዘገበው የላርገንና የስፖልስ ጥራዝ የታተመው ገና በ2010 ነው።

ለአይጡ ጉዳይ ግን ባዕድ ንጉሥ አያሻም። በአፍሪካ በስፋት የሚገኘው፣ በኢትዮጵያም ያለው ቡናማው የቤት እባብ መርዝ የለውም፤ በሌሊት ይወጣል፤ አይጥን ጉድጓዱ ድረስ ተከትሎ አንቆ ይበላል። አውሮፓውያንና አሜሪካውያን እርሱንም በሣጥን ያራቡታል። ዱላ የሚያርፍበት ግን እንደ እፉኝቱ ሁሉ ነው። መለያው አያስቸግርም፤ የቤት እባብ ቀጭንና ለስላሳ ሲሆን፣ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ከአፍንጫው ተነሥቶ በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ የሚዘልቅ ፈዛዛ መስመር አለው፤ እፉኝት አጭርና ወፍራም፣ ጭንቅላቱም ሰፊ ነው። ያልለየ ሰው በእጁ አይንካው፤ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ከክምሩ በአንድ ወገን መውጫ ትቶለት ይጠብቅ።