የተማሪ ድርሰት

የሙዚቃ ተማሪዎች አዲስ ድርሰታቸውን ሲያቀርቡ አዳራሹን የሚሞላው ዘመድና ጓደኛ ነው። ደራሲው ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ምቱን በጣቱ ይቆጥራል፤ ክራር ተጫዋቿ ክሯን ደግማ ትቃኛለች። ጭብጨባው አንዳንዴ ለይሉኝታ ነው፣ አይካድም። ለጀማሪ ግን የሚሰማው ጆሮ ያስፈልጋል።

ታዋቂዎቹም አንድ ወቅት ጀማሪ ነበሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ኋላ የጃፓኑን ባለ ክር መሣሪያ ኮቶን ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር ያጣመረ ድርሰት ጽፏል። ከመሰላና ከጭሮ ሩቅ ሳንሄድ፣ ድሬዳዋ ላይ ድምፃዊው አሊ ቢራ አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ሲቀላቀል ገና ታዳጊ ነበር፤ «ቢራ» የተባለውም ያኔ ባዜመው ዘፈን ነው።

ቤታችሁ የሚያንጎራጉር ተማሪ ካለ ዛሬ ማታ አስዘፍኑት። ለዚያች ሰዓት ሬዲዮኑን ብትዘጉት አንቀየምም።