ሙያው እዚህ ይቅር



ከዚህ ከደብረ ታቦር አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው፣ የሀገሬውን ሰው ረዳት አድርገው፣ 7 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቁ ግን ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሀገር ለቀው ሄዱ፤ በጋፋት የተጀመረው ሥራም ተቋረጠ። ስለ ሳተላይት ልናገር ቆሜ ከመድፍ የጀመርሁት፣ ዕቃ ቀርቶ ሙያ መሄዱ ዛሬም ስለሚያሳስበኝ ነው።

ሀገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ መሐንዲሶቻችን በሥራው ተሳትፈዋል፤ መረጃውን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። በካሜራዋ ምስል ላይ አንዲት ነጥብ ወደ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሚሆን መሬት ትይዝ ነበር። አንድ ጥማድ ማሳ እንግዲህ በ13 ነጥብ ያህል ይታይ ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ እምቦጭ ጣናን ሲያለብሰው፣ እንዲህ ያለ ዓይን ለኛ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ትልቅ ነገር ነው። በዓመቱም ሌላ አነስተኛ ሳተላይት ተከተለች። ይሁንና ለመጀመሪያዋ የታቀደላት ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሳተላይት ያልቃል፤ የሚተርፈው የሠራው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ሊወጣ ይችላል፤ በ2009 ዓ.ም. የጋናው ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጃፓን ውስጥ እየተማሩ የሠሯት ሳተላይት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች። ጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነበር። በዚህ መጠን በሚሠሩ ሳተላይቶች ላይ አንቴናው ብዙ ጊዜ አናጢ የሚለካበት የሜትር ብረት ነው። ተጣጥፎ በዓሣ ማጥመጃ ክር ይታሰራል። ጠፈር ላይ ትንሽ ሽቦ ግሎ ክሩን ያቀልጠዋል፤ ብረቱም በራሱ ይዘረጋል። ክሩ ካልተበጠሰ ሳተላይቷ ዲዳ ሆና ትቀራለች፤ ወጥቶ የሚፈታላት የለም። ስለዚህ ተማሪው ያችን ቋጠሮ በሙቀትም በብርድም፣ አየር በሌለው ሣጥን ውስጥ ሳይቀር፣ ሳይሰለች ይፈትናታል። ሙያ የምለው ይህንን ነው፤ በግዢ አይገኝም።

ነገውኑ ሳተላይት እናምጥቅ አልልም። በዩኒቨርሲቲያችን በአንዱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አንቴና ይተከል፤ የሬዲዮ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ተማሪዎቻችን በላያችን የሚያልፉትን የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሳተላይቶች ያድምጡ። አንዷ ከአድማስ እስከ አድማስ የምታልፈው በ10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ተዘጋጅቶ መጠበቅን ያስተምራል። የፊዚክሱ፣ የኤሌክትሪኩና የኮምፒውተሩ ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ይጋሩ። ተመራቂው የሠራውንም ያበላሸውንም ጽፎ ለተተኪው ሳያስረክብ አይውጣ።

የዩኒቨርሲቲያችን ኃላፊዎች፣ ለእነዚህ ልጆች አንድ ክፍል ከነቁልፉ ዘንድሮ ስጡልን።