ባለጉዳይ ባለቤት እንጂ ለማኝ አይደለም
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ በንፋስ መውጫ ከተማ ለመራጮች ያሰሙት ንግግር)

ሥራችሁን ፈትታችሁ፣ ብርዱን ታግሳችሁ ስለመጣችሁ በፓርቲያችን ስም እናመሰግናለን። ዛሬ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ብቻ ልንናገር አልመጣንም። መንገዱም ውኃውም የሚሠራበት ወይም የሚቀርበት ቤት አለ፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

ባለጉዳይ ስንቁን ይዞ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ይመጣል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። በማግሥቱ «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሳምንት ተመለስ» ይባላል። በሦስተኛው ሲመጣ ኃላፊው ተዛውሯል፤ አዲሱ ጉዳዩን አያውቀውም። ለምን እንደተከለከለ በጽሑፍ የሚነግረው የለም። ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ይግባኝ የለም። በሕግ ሙያ የኖርን ሰዎች ይህን በቅርብ አይተነዋል፦ ውሳኔ በቃል ሲሰጥ መብትም በቃል ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ እንዲያነሣ ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የእንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁሟል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ የጎደለን ሕጉን የሚያከብር አመራር ነው። ድሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ንጉሡ ከወረደ 50 ዓመት አልፎታል፤ ልማዱ ግን ከየቢሮው ወንበር ገና አልወረደም።

የችግሩ ሥር በእኛ እምነት ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቃል የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ከላይ መመሪያ ይወርዳል፣ ከታች ሪፖርት ይወጣል። ወረዳን ከክልልና ከፌዴራል በምስል የሚያገናኘው ወረዳኔት በብዙ ገንዘብ ተዘረጋ፤ ሹም ከሹም ጋር ተነጋገረበት፣ ባለጉዳይ ግን ከበሩ ውጭ ቀረ። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ሲሞላ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና እውነቱን የጻፈ ሠራተኛ ሊሸለም ሲገባው ይገመገማል።

ሁለተኛ፣ ሹመት ከችሎታ ይልቅ በታማኝነት ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኛውን ጠላት አናደርገውም፤ በአነስተኛ ደመወዝ በቅንነት የሚያገለግለው ብዙ ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንዲሉ፣ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ ጠረጴዛው ሲቀያየር አናቱ እንደነበረ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ ጠያቂ የለም። በክልላችን ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተመደበላቸው ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተደርጓል። አብዛኛው ለደመወዝ ቢውልም የቀረው እንኳ ምን ላይ እንደዋለ ነዋሪው አያውቅም። አስፈጻሚውም የምክር ቤቱ አባልም የአንድ ድርጅት ሰው ሲሆን ማን ማንን ይጠይቃል?

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ሴፍቲኔት ያስብ። በእኛ አካባቢ ከዝርዝሩ መግባትና መውጣት የእህል ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ከተማ ድረስ በዘለቀ ጊዜ በተለይ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ላይ የተፈጸመውን ግፍም እናንተ ታውቁታላችሁ። የተበደለ ሰው አቤት ብሎ ሰሚ ሲያጣ ሁለተኛ ይበደላል።

ስለሆነም ብትመርጡን የሚከተሉትን እንፈጽማለን፦

1. ማንኛውም ማመልከቻ ቁጥርና ቀን ያለው ደረሰኝ ያገኛል። የተከለከለ ሰው ምክንያቱና ይግባኝ የሚልበት ቦታ በጽሑፍ ይሰጠዋል።

2. የከተማውና የወረዳው በጀትና ወጪ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፋል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል። የሊዝ ጨረታና የቅጥር ውጤትም እንዲሁ።

3. በሳምንት ሁለት ቀን በማንኛውም መሥሪያ ቤት ስብሰባ አይጠራም፤ ኃላፊው ባለጉዳይ ያስተናግዳል።

4. የሙያ ኃላፊነት በውድድር ይሰጣል፤ የፓርቲያችን አባል መሆን ነጥብ አያስገኝም።

5. የእኛ ተመራጮች በየሦስት ወሩ እዚሁ ቆመው ይጠየቃሉ። እምነት ካጣችሁባቸው እንዲነሡ ስትጠይቁ ፓርቲያችን አይከላከልላቸውም።

በምክር ቤት አናሳ ከሆንን ደግሞ እነዚህን ሁሉ ማስወሰን አንችልም፤ ይህን አንሸሽጋችሁም። ያን ጊዜ ጥያቄያችሁን በቃለ ጉባኤ እናስመዘግባለን፣ የተሰጠውንም መልስ ይዘን እንመለሳለን።

እናንተ ግን እኛንም አትመኑ። ወንበር ያበላሸው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በፊት እንደኛ ሲናገር ነበር። ለዚህም ነው የገባነውን ቃል አሳትመን በእጃችሁ የሰጠናችሁ። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ስንሳሳት አውጥታችሁ አንብቡልን።

በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ካርዱ የእናንተ ማመልከቻ ነው፤ «ነገ ተመለስ» ሊለው የሚችል ሹም የለም።